በጋራ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር መጫን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲው አጠገብ፣ ማኪያቶ አስቀርበው ላፕቶፕ እየከፈቱ «ይኼ ነገር አልጫን አለኝ» የሚሉኝ ተማሪዎች ጥያቄያቸው ከዓመት ዓመት አይለወጥም። አንዱ የክረምት ዝናብ ሞዴል ያስኬዳል፤ ሌላዋ የወባ ጥገኛ ጂኖም ትተነትናለች። የሚሠሩበት ክላስተር (ብዙ ኮምፒውተር ተያይዞ እንደ አንድ የሚሠራበት) ግን ባሕር ማዶ ያለ፣ በኤስኤስኤች ብቻ የሚገባበት፣ ከመቶዎች ጋር የሚጋሩት ማሽን ነው። ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

## ላፕቶፔ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብዬ የምገላገለውን እዚያ ለምን አልችልም?

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ቶሎ ይገባችኋል። ቤታችሁን ቀለም መቀባት፣ ቁም ሳጥን መግጠም ትችላላችሁ፤ ከጣሪያው ሮቶ የሚወርደውን የጋራ ቧንቧ ከነካካችሁ ግን ታች ያለው ጎረቤት ውኃ ያጣል። ክላስተር ላይ ሆም ዳይሬክተሪያችሁ የእናንተ ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሁሉም ነው። «ሱዶ» (ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው ትእዛዝ) የአድሚኖቹ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። አፕትና መሰሎቹ ፓኬጅ ማናጀሮች (ሶፍትዌር የሚጭኑ መሣሪያዎች) በጥቅሉ የአንድን ፓኬጅ አንድ ቨርዥን ብቻ ነው የሚያስቀምጡት። ብዙ ተመራማሪ በሚጋራው ማሽን ላይ ግን አንዷ የኤችዲኤፍ5ን (መረጃ ማከማቻ ላይብረሪ ነው) 1.10ን ትፈልጋለች፣ ሌላው 1.14ን፣ ሦስተኛው ደግሞ አማካሪው ድሮ የተመረቀበትን። ሁሉም ሳይጣሉ ጎን ለጎን መኖር አለባቸው።

## ሞጁል ፓኬጅ ማናጀር ነው?

አይደለም። ሞጁል ምንም አይጭንም። ቀድሞ የተጫነ ነገር የት እንዳለ ለሼሉ (ትእዛዝ ለምትጽፉበት ፕሮግራም) ይነግረዋል፤ «ፓዝ» እና «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ» የሚባሉትን ተለዋዋጮች ይቀይራል፣ «አንሎድ» ስትሉት መልሶ ያጠፋል፣ በቃ። ከዚህ በታች ሞጁል «መጫን» ስል «ሎድ» ማድረግን ነው። ሐሳቡ ከ1991 የጆን ፈርላኒ ጽሑፍ ጀምሮ አለ። ዛሬ በብዙ ማዕከሎች የምታገኙት ኤልሞድ ደግሞ የቴክሳስ ሱፐር ኮምፒውተር ማዕከል ባልደረባ ሮበርት ማክሌይ በሉዋ ቋንቋ የሠራው ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወደው በአንድ ነገር ነው፦ «ሞጁል አቬይል ብዬ አየሁ፣ ኔትሲዲኤፍ (የአየር ንብረት መረጃ ፋይል ማንበቢያው ላይብረሪ) የላቸውም» ይለኛል። አላቸው። ኤልሞድ በተዋረድ ሲደራጅ፣ የኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠው) እና የኤምፒአይ (በብዙ ኮምፒውተር የሚሠሩ ፕሮሰሶችን የሚያነጋግረው) ሞጁል ሳትጭኑ በእነሱ የተገነባውን አያሳያችሁም፤ የማይስማሙ ነገሮችን እንዳትቀላቅሉ ሆን ብሎ ይደብቃል። «ሞጁል ስፓይደር» ብላችሁ ፈልጉ፤ ያለውን ሁሉና ለመድረስ ቀድሞ ምን መጫን እንዳለበት ይዘረዝራል። ይቺን ባለማወቅ ሦስት ቀን ሙሉ ኔትሲዲኤፍን ከምንጩ ሲገነባ የከረመ ልጅ አውቃለሁ።

## ኮንዳ ብቻ ብጠቀም ምን አለበት?

ኮንዳ ተገንብተው የተዘጋጁ ፓኬጆችን ያለ ሱዶ የሚጭን ፓኬጅ ማናጀር ነው። ለብዙዎቻችሁ ይበቃል፤ ኮንዳን የሚጠሉ አድሚኖች ይቅር ይበሉኝ። የጂኖም ሥራ ከሆነ በተለይ፦ ሳምቱልስ፣ ቢደብሊውኤ፣ ቢሲኤፍቱልስ ባዮኮንዳ ቻናል ላይ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። እነዚህ በአንድ ኖድ (ክላስተሩን ከሚሠሩት ኮምፒውተሮች በአንዱ) ውስጥ ስለሚሠሩ የክላስተሩን ፈጣን ኔትወርክ አይነኩም፤ ኮንዳ ወደሚደናቀፍበት ቦታ አይደርሱም።

የሚደናቀፈው የት ነው? ከሁሉ በፊት በፋይል ብዛት። መካከለኛ የሚባል የፓይተን ኢንቫይሮመንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ይዞ ይመጣል። ብዙ ክላስተሮች ላይ ያለው ላስተር የሚባለው ፋይል ሲስተም ግን የተሠራው ትልልቅ ፋይል በብዙ ዲስክ በትኖ በፍጥነት ለማንበብና ለመጻፍ ነው። ፋይል በተከፈተ ቁጥር «የት ነው ያለው?» ተብሎ የሚጠየቀው የሜታዳታ ሰርቨሩ ነው። 200 ጆብ (ወረፋ ይዞ እንዲሠራ ለክላስተሩ የተሰጠ ሥራ) በአንድ አፍታ «ኢምፖርት ኑምፓይ» ሲሉ እዚያ የሚፈጠረው ወረፋ የሜክሲኮን የሥራ መውጫ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ነው። የእናንተ ጆብ ብቻ ሳይሆን የማሽኑ ሰው ሁሉ ይንቀራፈፋል፣ ከአድሚን ኢሜይል ይመጣል። ፊንላንድ ካያኒ ከተማ ያለው ሉሚ ተጠቃሚዎቹ ኮንዳን በቀጥታ ላስተር ላይ እንዳይጭኑ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በምትኩ ኢንቫይሮመንቱን በኮንቴነር (ፕሮግራሙን ከነጓዙ በሚይዝ ጥቅል) ውስጥ የሚጠቀልል መሣሪያ ያቀርባል።

ሁለተኛ ኮታ፣ ማለትም የተፈቀደላችሁ የዲስክ ቦታ። ኮንዳ ያወረደውን የፓኬጅ ጥቅል ካልነገራችሁት በቀር ሆማችሁ ውስጥ ያከማቻል። ሆም ሲሞላ የሚታየው ስህተት ደግሞ ከኮንዳ ጋር የተያያዘ አይመስልም፤ ጆቡ የውጤት ፋይሉን መጻፍ ያቅተውና ይሞታል። «ኮንዳ ክሊን» የምትለዋን ትእዛዝ ልመዱ፤ ማጠራቀሚያውንም ወደ ፕሮጀክት ዲስክ አዙሩት።

ሦስተኛው ኤምፒአይ ነው። ኮንዳ ይዞት የሚመጣው ኤምፒአይ የማሽኑን ኔትወርክና ስለርምን (ጆብ የሚያሰልፈውን ሶፍትዌር) ላያውቅ ይችላል። ምልክቱ አስቂኝ ነው፦ 64 ፕሮሰስ ትጠይቃላችሁ፣ 64ቱም «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ቁጥሬ ዜሮ ነው» ብለው ያንኑ ሥራ 64 ጊዜ ይሠሩታል። ኮንዳ-ፎርጅ ለዚህ መላ አለው፤ ኤምፒአዩን ባዶ ስም ብቻ አድርጎ የሚያስገባና የማሽኑን ኤምፒአይ እንድትጠቀሙ የሚተው «ኤክስተርናል» የተባለ ዓይነት ያቀርባል። ይሠራል፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልጨምር። ኮንዳ ራሱ ክፍት ምንጭ ነው፤ የአናኮንዳ ኩባንያ ዋና ቻናል ግን ከ200 ሰው በላይ ላለው ድርጅት በጥቅሉ የሚከፈልበት ነው። ሚኒፎርጅን ጫኑ፤ ከመነሻው ኮንዳ-ፎርጅን ስለሚጠቀም ከዚህ ጣጣ ውጪ ናችሁ።

## ፒፕስ?

የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው ፒፕ ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት ውስጥ ከሆነ ጥሩ። «ዩዘር» በሚለው አማራጭ ግን አትጫኑ። ሆም ውስጥ «ሎካል» የሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይገባና፣ ተመሳሳይ የፓይተን ቨርዥን ባላቸው የኮንዳ ኢንቫይሮመንቶች ሁሉ ሳትጠሩት ብቅ ይላል። «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ያንን ፎልደር ነው።

## ኢዚቢልድና ስፓክ ምንና ምን ናቸው?

ሁለቱም ከምንጭ ኮድ ይገነባሉ፣ ሁለቱም ለሱፐር ኮምፒውተር ታስበው የተሠሩ ናቸው፣ ሁለቱም ያለ ሱዶ ሆማችሁ ውስጥ ይሠራሉ። ልዩነቱ ጠባይ ላይ ነው።

ኢዚቢልድ ቤልጂየም፣ ጌንት ዩኒቨርሲቲ በ2009 ተጀምሮ በ2012 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ቤተሰብ የተፈራረመበት የሠርግ ምግብ ዝርዝር በሉት፦ ምን ከምን ጋር እንደሚቀርብ አስቀድሞ ተወስኗል፣ በማግስቱ «እኔ ቅንጬ ነው የምፈልገው» ማለት የለም። ኮምፓይለሩ፣ ኤምፒአዩ፣ የሒሳብ ላይብረሪዎቹ አንድ ላይ ታስረው «ቱልቼይን» ይባላሉ፣ በአብዛኛውም በዓመት ሁለቴ ይታደሳሉ። ለምሳሌ «ፎስ 2023ኤ» ካላችሁ ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ) 12.3.0 እና ኦፕን ኤምፒአይ 4.1.5 ማለታችሁ ነው፤ ክርክር የለም። በዚያ ቱልቼይን የተገነባ ሁሉ እርስ በርስ ይስማማል። ሞጁሉንም ራሱ ይጽፍላችኋል። ያልተዘጋጀ ጥምረት ስትፈልጉ ግን የአሠራር ፋይሉን ቁጭ ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ስፓክ አሜሪካ ሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ውስጥ ቶድ ጋምብሊን በ2013 የጀመረው ነው፤ 1.0 ላይ የደረሰው ገና በ2025 ነው። ይኼኛው ሸማ ልክ ተለክቶ እንደሚሠራ ነው። «ኤችዲኤፍ5 ስጠኝ፤ ኤምፒአይ ይኑረው፤ በዚህ ጂሲሲ ይገንባ፤ ለዚህ ፕሮሰሰር ይሁን» ትሉታላችሁ፤ ያልተናገራችሁትን ሁሉ እሱ ያሰላና ሙሉውን ዛፍ ይተክላል። እያንዳንዱን ውጤት በሀሽ የሚለይ ፎልደር ውስጥ ስለሚያስቀምጥ አንዱ ሌላውን አይረግጥም። ላይብረሪዎቹ የት እንዳሉም ፕሮግራሙ ውስጥ ስለሚጽፍ ሞጁል ባትጭኑም እንኳ ብዙ ጊዜ ያገኛቸዋል።

ጣጣው እዚያው ላይ ነው። ያልተናገራችሁትን ሁሉ እሱ ስለሚያሰላ፣ የማሽኑን ኤምፒአይ ካላሳወቃችሁት የራሱን ይገነባል። ትንሽ ላይብረሪ ጠይቃችሁ ፐርልና ሲሜክ ሳይቀሩ ሲገነቡ ታያላችሁ፤ ሰዓታት ያልፋሉ፣ ኮታውም ያልቃል። ስለዚህ ስፓክን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ከሰዓት መድቡና «ፓኬጅስ» በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ ማሽኑ ላይ ያሉትን ኮምፓይለርና ኤምፒአይ «ኤክስተርናል» ብላችሁ አስመዝግቡ። ከመገንባታችሁ በፊት «ስፓክ ስፔክ» ብላችሁ ዛፉን አንብቡ። ይህን ካላደረጋችሁ ስፓክን አትስደቡ።

ምርጫዬን ለምትጠይቁኝ፦ ማዕከሉ የሚጠቀምበትን ተጠቀሙ። ኢዚቢልድ ካላቸው እናንተም በኢዚቢልድ እነሱ ከገነቡት ላይ ትቀጥላላችሁ፤ ከዜሮ አትነሱም። መሣሪያዎቹን በባህሪያቸው የሚያወዳድሩ ሰንጠረዦች ይህን አይጽፉም። ሲበላሽ ማን ያየዋል? አድሚኑ የማያውቀውን መሣሪያ ከመረጣችሁ አድሚኑ እናንተ ናችሁ።

## ደብሊውአርኤፍ አልገነባ ብሎኛል። ምን ላድርግ?

ይኼኛው የአየር ጠባይ ሞዴል እኔንም በልቶኛል፣ በዝርዝር ልንገራችሁ። አንድ ሐምሌ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም ማሽን ላይ፣ የክረምት ዝናብ ሙከራ ለማስኬድ ደብሊውአርኤፍ እገነባ ነበር። የኔትሲዲኤፍ ሞጁል ጭኛለሁ፤ ግንባታው ግን መሃል ላይ ይቆማል። ከሺህ መስመር ውስጥ አንዷ ብቻ ነበረች ቁም ነገሯ፦ «ኔትሲዲኤፍ-ሞድ የተባለው ፋይል የጂኤንዩ ፎርትራን ሞጁል ፋይል አይደለም»።

ኔትሲዲኤፉ በጂሲሲ 12 ተገንብቶ ነበር። እኔ የኮምፓይለሩን ሞጁል መጫን ረስቼ ስለነበር «ጂፎርትራን» (የጂሲሲ ፎርትራን ኮምፓይለር) ስል የሚመልስልኝ ከማሽኑ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከሴንትኦኤስ 7 ጋር የመጣው አሮጌው 4.8.5 ነው። ፎርትራን እንደ ሲ ቋንቋ አይደለም፤ የሞጁል ፋይሎቹ ከሠራቸው ኮምፓይለር ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህ «ሞጁል ፐርጅ» ብላችሁ ጠራርጉና፣ ኮምፓይለር፣ ኤምፒአይ፣ ኤችዲኤፍ5፣ ኔትሲዲኤፍ፣ ኔትሲዲኤፍ-ፎርትራን በዚሁ ቅደም ተከተል ጫኑ። ከዚያ «ዊች ጂፎርትራን» እና «ኤንኤፍ-ኮንፊግ» ብላችሁ ሁለቱ ያንኑ ኮምፓይለር እንደሚያመለክቱ አረጋግጡ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ እኔ አንድ ሳምንት ከፍዬበታለሁ።

ያንን ስታልፉ ሁለተኛው ይጠብቃችኋል። ደብሊውአርኤፍ የሲውና የፎርትራኑ ኔትሲዲኤፍ አንድ ፎልደር ውስጥ እንዲሆኑለት ይፈልጋል፤ ኢዚቢልድና ስፓክ ግን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጧቸው። አንድ ፎልደር ፍጠሩና የሁለቱንም ይዘት በሲምቦሊክ ሊንክ ሰብስቡበት፤ «ኔትሲዲኤፍ» የሚባለውን ተለዋዋጭ ወደዚያ አመልክቱት። ወይም ደግሞ ደብሊውአርኤፍን ራሱን በስፓክ ወይም በኢዚቢልድ ጫኑ፤ ሁለቱም ይህን ያውቁታል። ከኮንዳ የመጣ ኔትሲዲኤፍ ግን እዚህ አታስገቡ፤ እባካችሁ።

## ዶከር ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፤ ያንኑ ወስጄ ብጭንስ?

ዶከር (ኮንቴነር መገንቢያና ማስኬጃው) ራሱ በጋራ ማሽን ላይ አይፈቀድም፤ የሚያስተዳድረው ሂደት በተለምዶ በሩት ሥልጣን ስለሚሠራ። በምትኩ አፕቴይነር አለ። በ2015 ገደማ ሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ግሪጎሪ ኩርትዘር ሲንጉላሪቲ ብሎ የጀመረው ሲሆን፣ በ2021 ሊኑክስ ፋውንዴሽን ውስጥ ሲገባ ነው ስሙ የተለወጠው። የዶከር ምስል ተቀብሎ ወደ አንድ ፋይል ይቀይረዋል። አንድ ፋይል መሆኑ ላስተር ላይ ትልቅ ጸጋ ነው፤ የኮንዳ የፋይል ብዛት ጣጣ ይጠፋል።

ግን ኮንቴነር ሁሉን ይዞ ይሄዳል የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም። ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የማሽኑ ነው። የጂፒዩ ድራይቨሩ የማሽኑ ነው፤ «ኤንቪ» የሚለውን አማራጭ ካልሰጣችሁት ኮንቴነሩ የኤንቪዲያን ካርድ አያየውም። ኤምፒአዩም ከውጪው ጋር መግባባት አለበት፦ ኤምፒች፣ ኢንቴል ኤምፒአይና ክሬይ ኤምፒች እርስ በርስ ይተካካሉ፤ ኦፕን ኤምፒአይ ከእነሱ ጋር አይተካካም። በ2025 የወጣው ኤምፒአይ 5.0 ይህን የሚያስታርቅ የጋራ መስፈርት ይዞ መጥቷል፤ እናንተ ያላችሁበት ክላስተር እስኪደርሰው ግን የድሮውን ሕግ አክብሩ።

አዲሶቹን ማክቡኮች ለያዛችሁ፦ የእናንተ ፕሮሰሰር አርም ነው፤ አብዛኛው ክላስተር ደግሞ ኤክስ86። ላፕቶፓችሁ ላይ እንደመጣላችሁ የገነባችሁት ምስል እዚያ «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ብሎ ይቀራል።

## ጊክስና ኒክስስ?

ሁለቱም ፓኬጅ ማናጀሮች ናቸው፤ በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም የጠሩት እነሱ ናቸው። የኒክስ መሠረት ኤልኮ ዶልስትራ በ2006 ያጠናቀቀው የዶክትሬት ሥራ ነው፤ ጊክስን በ2012 ያስጀመረው ሉዶቪክ ኩርቴስ ነው። ጊክስ ላይ ያንኑ መግለጫ ያንኑ ቨርዥን ይዛችሁ ሌላ ማሽን ላይ ብትጭኑት ያንኑ ሶፍትዌር እስከ ታችኛው ላይብረሪ ድረስ ታገኛላችሁ። ችግሩ የጋራ ማከማቻቸውና የሚገነባው አገልግሎት በአድሚን መተከል የሚፈልጉ መሆናቸው ነው። ማዕከላችሁ ካላቸው ዕድለኛ ናችሁ። ከሌላቸው ደግሞ ላፕቶፕ ላይ «ጊክስ ፓክ» ብላችሁ አፕቴይነር የሚቀበለው ምስል ማውጣት ትችላላችሁ።

## ኢኢኤስኤስአይ የሚባል ሰማሁ፤ ምንድን ነው?

«ኢዚ» ተብሎ ይነበባል፣ ከኢዚቢልድ ጋር አታምታቱት፤ ምንም እንኳ በኢዚቢልድ የተገነባ ቢሆን። አውሮፓ ውስጥ የተጀመረ የጋራ ሥራ ነው፦ ሶፍትዌሩ ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች አስቀድሞ ተገንብቶ፣ ለሰርን በተሠራው ሰርን-ቪኤም የፋይል ሲስተም በኔትወርክ ይለቀቃል። የምትጠቀሙት ፋይል ብቻ ነው የሚወርደው። ማሽኑ ላይ ከተተከለ ምንም ሳትጭኑ የሚሠራ ነው፤ እኔ ይህኛው እንዲስፋፋ እመኛለሁ።

## ሎግኢን ኖድ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ጆብ ሳደርገው «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይሞታል

የገነባችሁበትና የሚሠራበት ፕሮሰሰር ይለያያሉ። «ማርች ኔቲቭ» ብላችሁ ስትገነቡ ኮምፓይለሩ ፊቱ ያለውን ፕሮሰሰር ብቻ ነው የሚያየው፤ ሎግኢን ኖዱ (መጀመሪያ የምትገቡበት) ኤቪኤክስ-512 የሚባሉትን የፕሮሰሰር ትእዛዞች ካወቀና የሥራ ኖዱ (ጆቡ የሚሄድበት) ካላወቀ ያበቃል። በሥራ ኖዱ ላይ፣ በጆብ ውስጥ ገንቡ። በነገራችን ላይ ሎግኢን ኖድ ላይ ጂሲሲን በ32 ኮር መገንባት ጎረቤት ሲተኛ ግድግዳ እንደመብሳት ነው።

## መብራት ይጠፋል፣ ኔት ይቆራረጣል። ከአዲስ አበባ ሆኜ ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል?

ደስ የሚለው ዜና፦ ፓኬጆቹ የሚወርዱት በእናንተ ኔት አይደለም። «ኮንዳ ኢንስቶል» ሎግኢን ኖዱ ላይ ስትሉ የሚያወርደው እዚያው ማዶ ያለው ማሽን ነው፤ ከእናንተ ወደዚያ የሚሄደው የጻፋችሁት ፊደል ብቻ ነው። የሚጎዳችሁ ከዚህ ወደዚያ መጫን ነው። 6 ጊጋባይት ኮንቴነር በሰከንድ 1 ሜጋባይት ብትልኩ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ ያውም ካልተቆረጠ። ስለዚህ ምስሉን ሳይሆን የግንባታ መግለጫውን ላኩና እዚያው ይገንባ፣ ወይም ከሕዝብ ማከማቻ በቀጥታ ይሳብ። ከላካችሁም በ«አርሲንክ» ላኩ፤ ከተቆረጠበት እንዲቀጥል አድርጎ መላክ ይቻላል።

መብራቱን በተመለከተ «ቲመክስ» ውስጥ ግቡ። ራውተሩ ሲጠፋ ግንባታው እዚያ ይቀጥላል፤ ተመልሳችሁ ስትገቡ «አታች» ትላላችሁ። የሥራ ኖዶች ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት የላቸውም፤ የሚወርደውን ሎግኢን ኖድ ላይ አውርዱ፣ ግንባታውን ወደ ጆብ አስገቡ። ስፓክም ኢዚቢልድም «ፌች» ብቻ የማድረግ አማራጭ አላቸው።

## ከሦስት ዓመት በኋላ ገምጋሚ «ድገመው» ቢለኝስ?

የጫናችሁትን ሳይሆን እንዴት እንደጫናችሁት አስቀምጡ። ኮንዳ ከሆነ «ኤክስፕሊሲት» በሚለው አማራጭ የሚወጣውን ሙሉ ዝርዝር፣ ስፓክ ከሆነ የሎክ ፋይሉን፣ ኢዚቢልድ ከሆነ የአሠራር ፋይሉን ከነቱልቼይን ስሙ፤ ከኮዳችሁ ጋር ጊት ውስጥ ይግባ። የኮንቴነሩንም ፋይል ራሱን አኑሩት። «ሌተስት» የሚል መለያ ያለው ምስል የዛሬው ሌላ፣ የከርሞው ሌላ ነው። የጆብ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ «ሞጁል ሊስት» የሚል አንድ መስመር ብትጨምሩ ውጤቱ ሎጉ ውስጥ ይቀራል፤ ከእኔ ልማዶች ሁሉ ብዙ ጊዜ ያዳነኝ እሱ ነው።

## አንተ ራስህ ምን ትጠቀማለህ?

ኮምፓይለርና ኤምፒአይ ሁልጊዜ ከማዕከሉ ሞጁል። ለኔትወርኩ የቀረበውን ነገር እነሱ ናቸው የለኩት፤ እኔ ከአራት ኪሎ ሆኜ የማሻሽለው ነገር የለም። ኔትሲዲኤፍና መሰሎቹ ካሉ ከእነሱ፣ ከሌሉ በዚያው ሞጁል ላይ በስፓክ ወይም በኢዚቢልድ። የፓይተን ትንተናና ግራፍ በሚኒፎርጅ፤ በብዙ ጆብ የሚጠራ ከሆነ ወደ አፕቴይነር ፋይል ይጠቀለላል። «ኮንዳ ኢኒት» ባሽ-አርሲዬ (ሼሉ ሲነሳ የሚያነበው ፋይል) ውስጥ እንዲጽፍ አልፈቅድለትም፤ ሞጁል ከጫንኩ በኋላ ሳላውቅ የኮንዳ ኮምፓይለር ፊት እንዳይቆምብኝ።

## ለአድሚኑ ስጽፍ ምን ልበል?

«ጌታዬ፣ ሶፍትዌሩ አልሠራም አለኝ» ብቻ አትበሉ፤ በሰላምታ የተሞላ፣ መረጃ የሌለው ኢሜይል ወረፋው ጫፍ ላይ ይቀራል። የሶፍትዌሩ ስምና ቨርዥን፣ የ«ሞጁል ሊስት» ውጤት፣ የጻፋችሁት ትእዛዝ እንዳለ፣ የጆቡ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ስህተት የታየበት መስመር። የመጨረሻው አይደለም፣ የመጀመሪያው፤ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ልጆቹ ናቸው። ስክሪንሾት አትላኩ፣ ጽሑፉን ኮፒ አድርጉ። አዲስ ሶፍትዌር እንዲጭኑ ከጠየቃችሁ ደግሞ ስፓክ ወይም ኢዚቢልድ ውስጥ መኖሩን አይታችሁ ጥቀሱላቸው፤ ሥራው አንድ ትእዛዝ መሆኑን ሲያዩ ያን ዕለቱን ያደርጉታል።